ጠብታው ይግባ ወይስ በር ላይ ይቅር?

የክርክሩ ሐሳብ፦ ወላጅ ያለጊዜው ለተወለደ ልጁ ፕሮባዮቲክ (ለአንጀት ይጠቅማሉ የሚባሉ ሕያው ባክቴሪያዎች ያሉበት ጠብታ) ገዝቶ ሲመጣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ሊቀበለው ይገባል።

አባት፦ ልጄ የተወለደው በ29 ሳምንቱ ነው፤ 1,100 ግራም። ፒያሳን ዞሬ ዞሬ ጠብታውን አገኘሁ። በር ላይ መለሱኝ። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ በ1,099 ሕፃናት ላይ ተሞክሮ፣ ኔክ የሚሉት አንጀት የሚያበሰብስ በሽታ ከ4.4 ወደ 2 በመቶ ወርዷል (እ.ኤ.አ. 2013)። ባክቴሪያ ሲባል ምን ያስደነግጣል? እርጎም እኮ ባክቴሪያ ነው፤ ስንጠጣው አይደል ያደግነው?

ሲስተር፦ እርጎ! ወንድሜ፣ እርጎውን የጠጡት ጥርስ አውጥተው ነው። እኔ የምመግበው ልጅ በቱቦ በየ3 ሰዓቱ 2 ሚሊ ሊትር ይወስዳል። አንጀቱ ስስ ነው፤ ባክቴሪያው ሾልኮ ደሙ ውስጥ ሊገባ ይችላል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2023 እንዲህ ሆኖ አንድ ሕፃን ሞቶ፣ መንግሥት ሐኪሞችን አስጠንቅቋል። እዚያው እ.ኤ.አ. በ2014ም ሻጋታ ያለበት የፕሮባዮቲክ ዱቄት ተሰጥቶት የሞተ ሕፃን አለ። የእርስዎ ብልቃጥስ? መብራት በሄደ ቁጥር ፋርማሲው የት ነበር ያስቀመጠው?

አባት፦ እርጎ አጠጡት አልወጣኝም! የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ከ32 ሳምንት በፊት ተወልደው የእናት ወተት ለሚወስዱ ሊታሰብ ይችላል ብሏል። እሱም መብራት ሄዶበት ነው?

ሲስተር፦ «ሊታሰብ ይችላል» እና «ይሰጥ» አንድ አይደሉም። «የእናት ወተት ለሚወስዱ» የሚለውንስ ለምን በሩጫ አለፉት? ባለቤትዎ በቀን ስንት ጊዜ ታልባለች? እንገሩን አግኝቷል? ነው እርጎ ይበቃዋል?

አባት፦ ባለቤቴን አይንኩብኝ። በኦፕራሲዮን ወልዳ ኮሪደር ላይ፣ እግሩ በተሰበረ ፕላስቲክ ወንበር ነው ያደረችው። «ሰዓት አልቋል፣ ውጪ!» እየተባለች ወተት ከየት ይምጣ? ያው ድርጅት እኮ ልጁ ወዲያው ደረቷ ላይ ይሁን፣ ቆዳ ለቆዳ፣ ብሏል። እሱንስ እናንተ በሩጫ አላለፋችሁትም?

ሲስተር፦ በወንበሩ አልከራከርዎትም። እኔ የምሠራበትም ያው ነው። ነገ ከፊት የሚከፈት ልብስ ለብሳ ትግባ፤ ደረቴ ላይ አድርጉልኝ ትበል። እምቢ ካሏት ደብዳቤ ይጻፉ፣ እኔም እፈርማለሁ።

አባት፦ እጽፋለሁ። እርጎዬንም እጨምርበታለሁ።