ለክቡር ሲስተም፦ እርስዎ ሲመጡ እኔ የለሁም

ጉዳዩ፦ በሕይወት መኖሬን ስለማሳወቅ

ክቡር ሲስተም ሆይ፣

ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ለይምሰል አይደለም የምጠይቅዎት። ሲም ካርድ ለማውጣት መታወቂያዬን ላሳድስ በሦስት ወር ውስጥ አራት ጊዜ መጥቼ አራቱንም ጊዜ «ሲስተም የለም» ስባል የእውነት አሳስበውኝ ነበር። በእኛ ወግ አራት ጊዜ ቤቱ ሄደው ያጡት ሰው ወይ ታሟል ወይ ለቅሶ ላይ ነው። አለመኖርዎን የሚያበስረው ወረቀት መስኮቱ ላይ በፕላስተር ተለጥፏል። ፕላስተሩ ቢጫ ሆኗል። ወረቀቱ ቀን የለውም፤ ምን ያደርግለታል?

አንድ ውለታዎን ግን አልክድም። ብዙ አስነብበውኛል። እኔ ዲስቶፒያ የሚሉትን ዓይነት ልቦለድ እወዳለሁ። መንግሥት ዜጋውን በምን በምን ዘዴ ጨምድዶ እንደሚይዝ የሚተርኩትን። ቦርሳዬ ውስጥ አንድ አሮጌ መጽሐፍ አይጠፋም፤ የእርስዎ ሰልፍ ደግሞ ከቤተ መጻሕፍት ይሻላል፣ ቶሎ ዝጉ የሚል የለም። ሩሲያዊውን ዛምያቲንን የጨረስኩት እርስዎ ደጅ ነው። እንግሊዛዊውን ኦርዌልን ሁለት ጊዜ። እና ማክሰኞ ዕለት፣ እርስዎ በመጡበት በዚያ ታላቅ ቀን፣ እነዚህ ሰዎች ሁሉ አንድ ነገር እንደዘነጉ ገባኝ።

ሰልፉን አልተርክልዎትም፣ የማያውቀው የለም። ከንጋቱ 11 ሰዓት ደረስኩ። ጋቢ የለበሱ አንድ አባት በደብተር ቅዳጅ ስም ይመዘግባሉ። 34ኛ ነበርኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ዘበኛው ወጥቶ «ይሄ ሊስት አይሠራም» አለና እንደ አዲስ ቆጠረን። 61ኛ ሆንኩ። በዛምያቲን «እኛ» ውስጥ ሰዎች ስም የላቸውም፣ ቁጥር ናቸው። ቤታቸው መስታወት ነው፤ መጋረጃ ለማውረድ ሮዝ ኩፖን ያስፈልጋል። ተራኪው ዲ-503 ይባላል። መጀመሪያ ሳነበው አዝኜለት ነበር። አሁን ቀናሁበት። ዲ-503 ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ዲ-503 ነው። ማንም ዘበኛ መጥቶ «አንተ ዲ-530 ነህ፣ ወደ ኋላ!» አላለውም።

ከዚያ «ዛሬ ሲስተም አለ!» ተባለ። አንዲት ሴት እልል ልትል አፏን ከፍታ አፈረችና በነጠላዋ ሸፈነችው።

አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ መስኮቱ ጋ ደረስኩ። ወጣት ልጅ ነው። ማስቲካ ያኝካል። ቀና ብሎ ሳያየኝ «ማዘር፣ ሙሉ ስም» አለ። (41 ዓመቴ ነው። ይሁን።) ነገርኩት። ጻፈ። ጠበቀ። እንደገና ጻፈ።

«የሉም።»

«እነማን?»

«እርስዎ።»

«እንዴት የለሁም? ይኸው ቆሜ!»

«እሱማ አሉ። ሲስተም ላይ ነው የሌሉት።»

ክቡር ሲስተም፣ «የለም» በዚህ አገር ቀላል ቃል አይደለም። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አሳተመ፤ በ1976 የካቲት ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። እኛ ይህን ቃል የምናውቀው እንዲህ ነው። ልጁ በማስቲካ ጣልቃ ሲያወጣው ለአፍታ እግሬ ራደ ብል ማጋነን አይሁንብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኔ ስም በፀሐይ ይጀምራል። የአባቴ ደግሞ በኃይለ። ልጁ ስክሪኑን ዘወር አድርጎ አሳየኝ። የጻፈው በጸሎቱ ጸ እና በሃሌታው ሀ ነው። «ፀሐዩ ፀ ነው እኮ» አልኩት። «ምን ለውጥ አለው?» አለኝ። በእሱ አልፈርድም፤ ሲነበብ ምንም ለውጥ የለውም። ግን የኔታ ፊደሉን «ፀሐዩ ፀ» ብለው ያስተማሩን ከእኔው ስም ወስደው ነው። በራሴ ፊደል ተጽፌ እንኳ አልገኝም።

ቁጭ ብዬ አሰላሁት፤ ጊዜ ነበረኝ። ፀ በሁለት ዓይነት ይጻፋል። ሐ በስድስት፦ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። እኔ ብቻዬን 12 ሰው ነኝ። በአባቴ ኃ ስድስት ጊዜ ሲባዛ 72። የዛሬ ስንት ዓመት አንድ ጸሐፊ ደስ ባለው ፊደል ጽፎኛል፤ ከ72ቱ በየትኛው እንደሆነ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ልጁ ሦስቱን ሞከረ። አራተኛውን ሊጽፍ ጣቱን አነሳና ሰዓቱን አየ። ስድስት ተኩል ሊሆን ነው። ጣቱን መልሶ አወረደው። ያቺን ጣት አልረሳትም። 69 ፀሐዮች ሳይፈለጉ ቀሩ።

ኦርዌል እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው «1984» ውስጥ አንድን ሰው እንዳልነበረ ለማድረግ ምን ያህል እንደሚደክሙ ያስታውሳሉ? ዊንስተን ስሚዝ የሚሠራው እዚያ ነው፣ የእውነት ሚኒስቴር በሚሉት የውሸት ፋብሪካ። የድሮ ጋዜጣ ያወጣሉ፣ ስሙን ይሰርዛሉ፣ ጋዜጣውን እንደገና ያትማሉ፣ አሮጌውን ግድግዳ ላይ ባለ ቀዳዳ ከትተው ያቃጥሉታል። ስንት ሰው፣ ስንት ወረቀት፣ ስንት እሳት! እርስዎ በአንዲት ሐመሩ ሐ ጨረሱት። እዚያ አገር ቃላት እየቀነሱ መዝገበ ቃላቱን ያቀጥኑታል፣ ሰው እንዳያስብ። እኛ ምንም መቀነስ አላስፈለገንም። ፊደል ተርፎን ጠፋን።

ደግሞ ቴሌስክሪኑ፣ ከግድግዳ ሆኖ ሰውን የሚያየው። ዊንስተን ጠዋት ስፖርት ሲሠራ በደንብ ስላልጎነበሰ ከግድግዳው «6079 ስሚዝ!» ብላ አንዷ ትጮህበታለች። ድሮ ይሄን ሳነብ ይቀፈኝ ነበር። አሁን ግን፣ እግዜር ይይላችሁ፣ የሚያውቀው አለ! ቁጥሩ ልክ ነው፣ ስሙ ልክ ነው፣ ወገቡ እንዳልጎበጠ እንኳ ታይቷል። እኔ ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ጎብጬ ማን አየኝ?

መጽሐፉን በደንብ ያነበበ ሰው «ታዲያ አንቺ ከፕሮሎቹ ነሽ» ይለኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ እዚያ አገር 85 በመቶው ሕዝብ ተራ ሠራተኛ ነው፤ ብዙም አይጠብቁትም፣ ከነመኖሩ የተረሳ ነው። ግን ፕሮሎች ሲም ካርድ ለማውጣት ቢሮ ቁጥር 9 አይላኩም።

እኔ ተላክሁ። ልጁ ኮቱን እየደረበ «ቢሮ ቁጥር 9 ሄደው ሲስተም ላይ እንደሌሉ የሚገልጽ ደብዳቤ ያጽፉ» አለኝ። ስምንት ሰዓት ድረስ ጠብቄ ሄድኩ። ቁጥር 9 ያሉት ሴትዮ ደግ ናቸው፤ «ተቀመጪ የኔ እናት» አሉኝ። ደብዳቤውን ለመጻፍ ግን መታወቂያ ጠየቁ። አወጣሁ። ጊዜው አልፏል። «የታደሰ ነው የምንቀበለው» አሉ። ላሳድስ ነው የመጣሁት አልኩ። «እሱማ ገብቶኛል» አሉ። በሐዘን ነው ያሉት። «1984» ውስጥ የሚፈራው አንድ ክፍል ነው፣ ክፍል 101። የእርስዎ ቤት 101 ክፍል አለው።

ወደ መስኮቱ ተመለስኩ። ልጁ ሊረዳኝ ፈልጎ መሰለኝ «ባለቤትዎ ካሉ በእሳቸው በኩል እንፈልግዎት» አለ። ከተፋታን ስድስት ዓመታችን ነው አልኩት። «ያኔ ቢመጡ ይሻል ነበር» አለ። ማርጋሬት አትውድ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመችው ልቦለድ ጊሊያድ የሚባለው መንግሥት የሴቶችን ሁሉ የባንክ ሒሳብ በአንድ ቀን ይዘጋል፤ ገንዘቡን ባል ያዝበት ይላል። ተራኪዋ ነገሩን ያወቀችው ሱቅ ሄዳ ሲጋራ ስትገዛ ነው፤ ቁጥርሽ አይሠራም ትባላለች። እነሱ ግን ለዚህ መጀመሪያ መፈንቅለ መንግሥት ማድረግ ነበረባቸው።

አሁን የምነግርዎት ስለ እኔ አይደለም።

ከፊቴ አንዲት እናት ነበሩ። ስልሳን ያለፉ። አሻራ ሊሰጡ ነው የመጡት። ልጁ «ጣትዎን ይጫኑ» አለ። ተጫኑ። ቀይ መብራት። «ይጥረጉት።» በነጠላቸው ጠረጉ። ቀይ። እፍ አሉበት። ቀይ። ሌላውን ጣት፣ ሌላውን፣ አሥሩም ተሞከሩ፤ አንዳንዱ ሁለት ጊዜ። እጃቸውን ከጎን አየሁት። የጣቶቹ ጫፍ ልሙጥ ነው፣ ያበራል። «ምንድን ነው የሚሠሩት?» አላቸው። «እንጀራ ነዋ ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት» አሉ። «በቃ አሻራዎ አይነበብም። ቅባት ይቀቡና ሌላ ቀን ይሞክሩ። ቀጣይ!»

ሌላ ቀን! አንተ! ቤታቸው ሊጥ አቡክተው እንደመጡ ታውቃለህ? አንድ ቀን ቀሩ ማለት የአንድ ቀን ገቢ ቀረ ማለት እንደሆነ ታውቃለህ? ያ ልጅ ያን ቀን ምሳ የበላው እንጀራ ማን ጋገረው? አንተን የገዙህ፣ የተከሉህ፣ ሪባን የቆረጡልህ ሰዎች ከእንደዚህ ያለ ጣት ሲጎርሱ ኖረው፣ ያንን ጣት የሚያነብ መስታወት መግዛት እንዴት ትዝ አላላቸውም? ምጣድ ጣት እንደሚበላ እኮ ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፣ እናታቸውን ማየት ይበቃል። ሴትዮዋ ደግሞ ይቅርታ ጠየቁ። «ይቅርታ ልጄ፣ አደከምኩህ» አሉት። እኔ ነኝ የሰማሁት። ጣቶቻቸውን ጥፋት እንዳደረጉ ሁሉ ነጠላቸው ውስጥ ደብቀው ወጡ።

ይቅርታ ያድርጉልኝ ክቡር ሲስተም፣ አንቱታውን ዘነጋሁት።

የት ነበርን? ሃክስሌይ። እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ልቦለድ ሕዝብን የሚይዙት በዱላ አይደለም፣ ሶማ በሚሉት ኪኒን ነው። ከሥራ መልስ ይታደላል፣ ይዋጣል፣ ደስ ይላል፣ አለቀ። በነጻ ነው! የእኛ ሶማ «ነገ ይመለሱ» ነው። ውጤቱ አንድ ነው፣ ሰው ተረጋግቶ ቤቱ ይገባል፤ የእኛው ግን የታክሲ ያስወጣል። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ልጆችን በእንቅልፋቸው እየደጋገሙ ያስተምሯቸዋል፤ አንድ ገጸ ባሕርይ 62,400 ጊዜ የተደገመ ነገር እውነት ይሆናል የሚል ስሌት አለው። «ሲስተም የለም»ን ስንተኛው ላይ እንደደረስኩ አልቆጠርኩም። ሌሊት ግን ባንኜ ለራሴ ስለው ያዝኩት።

መጽሐፍ ስለሚያቃጥል መንግሥት የጻፈውን ብራድበሪን አልነካም። መጽሐፍ ማቃጠል ለእርስዎ ምንዎ ነው፣ «ፋይሉ ጠፍቷል» እያለ!

ዘበኛውን በተመለከተ፦ ካፍካ በሕግ ደጃፍ ዕድሜውን ሙሉ ስለጠበቀ ሰው ጽፏል። ሰውየው ያለውን ሁሉ ለዘበኛው ይሰጣል። ዘበኛውም ይቀበለዋል፤ ያልሞከርከው ነገር ያለ እንዳይመስልህ ብዬ ነው የምቀበልህ ይለዋል። የእኛው አጠር ያደርገዋል፦ «ለሻይ።»

የእኛ ደራሲዎችስ ካሉኝ፣ አቤ ጉበኛ «አልወለድም» ብሎ በእናቱ ሆድ ሆኖ አሻፈረኝ ያለ ጽንስ ፈጥሯል። በንጉሡ ዘመን ታገደ። ያ ልጅ ከማኅፀን ሆኖ የእርስዎን መስኮት አይቶ መሆን አለበት። በሃክስሌይ አገር እንኳ ሰው ከማኅፀን ሳይሆን ከጠርሙስ ሲወጣ ይመዘገባል፤ እኔ ከነእትብቴ እዚሁ ሰፈር ተወልጄ መወለዴን በሦስት ምስክር አስረጂ ተብያለሁ። ምስክሮቹ የታደሰ መታወቂያ ሊኖራቸው ይገባል።

ያ የዘነጉት ነገር እንግዲህ ይሄ ነው። ሁሉም ክፉ መንግሥት ሲስሉ የሚሠራ አደረጉት። መብራት አይጠፋበት፣ ኔትወርክ አይቋረጥበት። ያያል፣ ይሰማል፣ ይመዘግባል፣ ሲያስርህም ስምህን በትክክል ጽፎ ነው። የማይሠራ ነገር ሰውን ምን ያህል እንደሚገዛ አንዳቸውም አልጻፉትም። እኔ አምስት ቀን ሥራ የቀረሁት ማንም አስገድዶኝ አይደለም። የአለቃዬን ፊት እርስዎ አላዩትም።

ዛምያቲን መጽሐፉ በአገሩ አልታተም ሲል፣ መውጫ መግቢያም ሲያጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1931 ለስታሊን ደብዳቤ ጻፈ። ከአገር ልውጣ ብሎ ለመነ። ስታሊን ፈቀደለት፤ ሰውየው ፓሪስ ሄዶ እዚያው ሞተ። ለስታሊን የጻፈ መልስ አግኝቷል እንግዲህ። እኔ ደግሞ ልውጣ አላልኩም። ልግባ ነው ያልኩት።

ሰኞ እመጣለሁ። መብራት ካለ፣ እርስዎም ካሉ፣ ልጁም ማስቲካውን ከጨረሰ፣ ከአራተኛው ፀሐይ እንቀጥላለን።

ከማይናቅ ሰላምታ ጋር፣
ጸሐይ፣ ፀሃይ፣ ጸሀይ (እና ሌሎች)

ግልባጭ፦
ለቢሮ ቁጥር 9፣ ስለተቀመጥኩበት ወንበር አመሰግናለሁ።
ለማኅደሬ፣ ከተገኘ።
ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች፣ በየሰልፋችሁ።
ጋቢ ለለበሱት አባት፣ ሰኞ ሌሊት በጊዜ እደርሳለሁ፤ አስቀድመው ይመዝግቡኝ፣ በፈለጉት ሐ።