«ግምት ነው» ለሚሉ

አንድ ጸሐፊ የሳይንስን «ቲዎሪ ማለት ያው ግምት ነው» ብለው ማለፋቸው አልተዋጠልኝም። ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ለቬሪዬ (Le Verrier) ዩራነስ ከተሰላላት መንገድ ለምን ዝንፍ እንደምትል ሲመረምር፣ የኒውተንን የስበት ሕግ ይዞ ማንም ያላወቃት ፕላኔት የት እንዳለች በወረቀት ላይ አሰላ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1846 የበርሊኑ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ጋለ የለቬሪዬ ደብዳቤ በደረሰው ዕለት ማታ ቴሌስኮፑን ወደዚያ አዞረ፤ ኔፕቲዩን ከተባለው ቦታ አንድ ዲግሪ እንኳ ሳትርቅ ተገኘች። ግምት ይህ ከሆነ፣ እባክዎ እኔንም መገመት ያስተምሩኝ!

የሚገርመው ግን ይኸው ሰው ለሜርኩሪ መዛነፍም «ቩልካን» የተባለች ፕላኔት ጠቆመ። ብዙ ተፈለገች፤ የለችም። ጉድለቱ የስበት ሕጉ ላይ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ1915 ያሳየው አንስታይን ነው። ያን ሁሉ ያስቸገረችው ልዩነት በመቶ ዓመት 43 የማዕዘን ሰከንድ ናት፤ አንድ ዲግሪ ለ3,600 ቢከፈል 43ቱ እጅ ብቻ።