የትምህርት ቤቱን ቦታ በነሐሴ እንየው

ለአንድ የገጠር ወረዳ አዲስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲፈቀድ ደስታው ሳይበርድ ጭቅጭቁ ይጀመራል። «እኛ ቀበሌ ይሁን!» «የለም፣ መሐል ላይ ያለነው እኛ ነን!» ኮሚቴ ይቋቋማል። ከዚያ በጥር ወይም በየካቲት፣ አዝመራው ተሰብስቦ መንገዱ ሲደርቅ፣ ኮሚቴው በመኪና ሄዶ ሜዳውን አይቶ ይመለሳል። ቦታው ያምራል። ሰፊ ነው፣ ደረቅ ነው፣ ማንም አላረሰውም።

ትምህርት የሚጀመረው ግን በመስከረም ነው።

እኔ ያደግኩት ሰሜን ሸዋ ገጠር ውስጥ ነው። ከቤታችን ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ አንድ ወንዝ እንሻገራለን። በጥር ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጥክ ታልፈዋለህ፣ እግርህ አይረጥብም። በነሐሴና በመስከረም መጀመሪያ ግን በሬ ይወስዳል። ዘጠነኛ ክፍል የገባሁ ጊዜ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያሳለፍኩት ወንዙ እስኪጎድል እየጠበቅኩ ነበር። በኋላ እንደ ብዙ የገጠር ልጆች ከተማ ቤት ተከራየን። አራት ሆነን በአንዲት ክፍል። እሑድ ስንቃችንን ተሸክመን እንገባለን፣ ሐሙስ ላይ እንጀራው ሻግቶ ያልቃል፣ ዓርብ ማታ እንመለሳለን።

ወንዶቹ እንደምንም ቻልነው። አብረውን ስምንተኛን ያለፉት የሰፈራችን ሴቶች ግን አብዛኞቹ ቀሩ። ወላጅ ሴት ልጁን ከተማ ብቻዋን ማስቀመጥ ይፈራል። በየቀኑ ትመላለስ ቢል ደግሞ መንገዱን ይፈራል፤ ጠለፋ ለእኛ የሩቅ ወሬ አልነበረም። ከእኔ በላይ ጎበዝ የነበረች ልጅ በዚያው ዓመት ተዳረች። እስካሁን ሳስታውሳት ይከነክነኛል።

ታዲያ ያ ያማረ ሜዳ ለምን ይመረጣል? አንዱ ምክንያት ካሳ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ለሕዝብ ጥቅም ተብሎ መሬቱን የሚለቅ ገበሬ ካሳ ይገባዋል። የወረዳው በጀት ደግሞ ይታወቃል። ስለዚህ ዓይን ሁሉ ወደ ወል ግጦሹ ይዞራል። ከቤቱ የሚነሳ ሰው የለም፣ ፍርድ ቤት የሚሄድም የለም።

ግን ያ ሜዳ ሳይታረስ የቀረው ብዙ ጊዜ በምክንያት ነው። ክረምት ውሃ ይተኛበታል። አፈሩ ዋልካ ነው። ዋልካን የጅሩ ገበሬ ያውቀዋል፤ ስንዴ ሲዘራበት መደብ አውጥቶ ውሃውን ያጠነፍፋል። ለእህል እንጂ ለግንብ የሚመች አፈር አይደለም። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳውንም አብሮ ይሰነጥቀዋል። መሠረቱን በደንብ ላውጣ ካልክ ወጪው ይከብዳል። በካሳ የዳነው ብር በድንጋይና በሲሚንቶ ይሄዳል።

ትምህርት ቤቱ ከተማ ላይ ይሁን የሚሉ ሰዎች ባዶ ነገር አይናገሩም። መብራቱ፣ ውሃው፣ የመምህሩ ቤት እዚያ ነው። ማደሪያ የሌለው መምህር ዓመት ሳይሞላው ዝውውር ይጠይቃል፣ አልፈርድበትም። ቢሆንም ከተማዋ አንድ ትምህርት ቤት ካላት ሁለተኛው እዚያው አጠገቧ መሠራቱ አይታየኝም። ገጠር ወጥቶ ይሠራ፣ የመምህራን መኖሪያ ከመማሪያ ክፍሉ ጋር አብሮ ይሠራ። ቦታው ከወንዝ ማዶ ከሆነ ደግሞ የተንጠልጣይ ድልድዩ ዋጋ ከትምህርት ቤቱ ዋጋ ጋር ይደመር። ድልድዩ ለሌላ ዓመት ከተባለ ትምህርት ቤቱ ወንዙን ለሚሻገሩት ልጆች አልተሠራም ማለት ነው።

በ1935 ዓ.ም. ኮተቤ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲከፈት ቦታው ከአዲስ አበባ ከተማ ውጭ ነበር። ተማሪዎቹ ግን እዚያው ያድሩ ነበር። የዛሬው የገጠር ተማሪ ይህ ዕድል የለውም። በእግሩ ሄዶ በእግሩ ይመለሳል።

ስለዚህ የቦታ መረጣ ኮሚቴዎችን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ ከመፈረማችሁ በፊት በነሐሴ አንድ ቀን መኪናውን አቁሙት። ከሁሉም ከራቀችው ቀበሌ፣ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ዘንድሮ ዘጠነኛ ከምትገባ ልጅና ከእናቷ ጋር ተነሱ። ወንዙን አብራችሁ ተሻገሩ። ስትደርሱ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጻፉ፣ እናትየዋንም ልጅሽን በዚህ መንገድ ትልኪያለሽ ወይ ብላችሁ ጠይቋት።