በአንድ ደቂቃ የተገኘ የእምነት ቃል

ዴንማርካዊው ዳይሬክተር ቤንጃሚን ክሪስቴንሰን የሠራው «ሄክሳን» እ.ኤ.አ. በ1922 ስቶክሆልም ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ስያሜው በስዊድንኛ «ጠንቋይዋ» ማለት ነው። ስለዚህ ድምፅ አልባ ፊልም ሲወራ አስቀድሞ የሚነሣው ክሪስቴንሰን ራሱ ሆኖ የተጫወተው ሰይጣን ነው፤ እኔን ግን እንቅልፍ የነሣኝ የምርመራው ክፍል ነው።

ታሪኩ በመካከለኛው ዘመን አንድ አታሚ በጠና ታምሞ ሲተኛ ይጀምራል። ቤተሰቡ የሕመሙን ሰበብ ሲፈልግ፣ ጓዳ ገብታ የሰጧትን ምግብ በስስት የምትበላውን አሮጊቷን ሸማኔ ማርያን ይጠረጥራል። ጥንቆላን የሚመረምሩት መነኮሳት አስረው ሲያሰቃዩዋት ካሜራው ወደ ተጨማደደው ፊቷ ተጠግቶ ዕንባዋን ያሳየናል። ማርያ በመጨረሻ የጠየቋትን ሁሉ ታምናለች፤ የበደሏትንም ሴቶች ስም እየጠራች ጠንቋዮች ናቸው ትላለች። የከሰሳት ቤተሰብም ሳይውል ሳያድር እዚያው እሳት ውስጥ ይገባል። በአውሮፓ የጥንቆላ ክስ እየተዛመተ ብዙዎችን የፈጀው በዚሁ አሠራር ነበር፤ በስቃይ የተገኘ አንድ የእምነት ቃል ሌሎች ተከሳሾችን ይወልዳል።

ፊልሙ ይህን በሚገባ ያውቃል። ከተዋናዮቹ አንዷ የአውራ ጣት መጭመቂያ የተባለውን የማሰቃያ መሣሪያ ልሞክረው ብላ በጠየቀች ጊዜ፣ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ያወጣችውን ጉድ እንደማይገልጥብን ዳይሬክተሩ በጽሑፍ ይነግረናል። እርግጥ ነው፣ የተገደሉትን ከ8 ሚሊዮን በላይ ማለቱ ስሕተት ነው፤ የዛሬዎቹ የታሪክ ተመራማሪዎች ግምት ከ40 ሺህ እስከ 60 ሺህ ነው።

ቅሬታዬ ያለው በ7ኛው ምዕራፍ ላይ ነው። እዚህ ሲደርስ ክሪስቴንሰን የጥንቷን ጠንቋይ፣ የእርሱ ዘመን ሐኪሞች ሃይስቴሪያ ይሉት የነበረ የነርቭ ሕመም ካለባት ሴት ጋር ያስተያያታል። ለድሆች አሮጊቶች መቆርቆሩ ከልብ ነው፤ ሆኖም የማርያን ቃል ከአፏ ያወጣው መሣሪያ መሆኑን ራሱ ካሳየን በኋላ ምክንያቱን በሴቶች ነርቭ ውስጥ መፈለጉ የገዛ ማስረጃውን መርሳት ነው። ማርያን እዚያ ያደረሳት ሕመም አልነበረም፤ ደሃ፣ አሮጊትና ጠያቂ የሌላት መሆኗ ነበር።

ማርያን ሆና የተጫወተችው ማረን ፔደርሰን በቀረጻው መካከል ቀና ብላ ሰይጣን በእውነት እንዳለ፣ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦም እንዳየችው ተናግራለች። ይህን እንድትል ያስገደዳት አልነበረም። ክሪስቴንሰን ንግግሯን የአጉል እምነት ምሳሌ አድርጎ አስገባው፤ እኔ ግን ያን ጊዜ ፊልሙ ጥቂት ቆሞ ቢያዳምጣት እወድ ነበር።