እርማት፦ ከበሮው ስለገባ ብቻ ይሆናል ማለት አይደለም

ወንድሜ፣ ትናንት ጅማ ሂርማታ ቡና ስንጠጣ «የኮልት ሽጉጥ ከበሮ (ጥይቱ የሚቀመጥበት ተሽከርካሪ ክፍል) ለጣሊያኑ ኡቤርቲ ሽጉጥም ይሆናል፤ ስሪታቸው አንድ ነው» ብለህ ነበር። እንደሱ አይደለም። ኡቤርቲ የ1873ቱን (እ.ኤ.አ.) ኮልት መልክ ይቅዳ እንጂ ልኩ ይለያያል። የሁለት ኮልቶች ከበሮ እንኳ ሳይለካ አይለዋወጥም።

ከበሮውና የጥይቱ መውጫ ቱቦ መሃል ያለው ክፍተት 0.15 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ ከወረቀት ብዙም አይወፍርም። ዋናው ግን አቆላለፉ ነው። መምቻው በአውራ ጣት ሲሳብ ከበሮው ዞሮ፣ ቀዳዳው ከቱቦው ጋር ፊት ለፊት ገጥሞ ቀጥ ማለት አለበት። ትንሽ ከሳተ የጥይቱ እርሳስ ይላጫል። ፍንጣሪው ደግሞ አጠገብህ የቆመውን ሰው ያገኛል፤ እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

የአሜሪካው ሽጉጥ ሠሪ ሩገር እንኳ ለ9 ሚሊሜትር ጥይት የሚሆን ተጨማሪ ከበሮ ሲሰጥ፣ ፋብሪካው ውስጥ ለዚያው ሽጉጥ ለክቶ ነው። እባክህ፣ የአባትህን ሽጉጥ ከመነካካትህ በፊት ጥይቱን አውጥተህ ለባለሙያ አሳየው።