ሒሳብ ሳንጠይቅ «በላው» ማለት

የእህቴ ልጅ ጎንደር ነው ያለው። ኮሚክ፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕል የሚተረክ ታሪክ ይሥላል። ታሪኩ በፋሲል ግንብ ዙሪያ የሚሄድ ነው፤ ባለታሪኳ ፒያሳ ከእናቷ ጋር ቡና የምታፈላ ልጅ ናት። በ2015 የመጀመሪያውን መጽሐፍ ለማሳተም ከአገር ቤት ወዳጆቹና ከእኛ ከውጭ ካለነው ብር ሰበሰበ። ዓመት ሳይሞላው «በርታ የኛ ልጅ» ያሉት ሰዎች «ብራችንን በላው» ማለት ጀመሩ። ይህ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል።

እኔ የምኖረው ሲያትል ነው። እዚህ አንድ ሠዓሊ አሳታሚ ደጅ ሳይጠና ከአንባቢው ብር ሰብስቦ ማሳተሙ የተለመደ ነው። ብዙዎቹ የሚጠቀሙት እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረውን ኪክስታርተር የሚባል የመዋጮ ድረ ገጽ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ሠዓሊው ይህን ያህል ያስፈልገኛል ይላል፣ ቀነ ገደብ ያስቀምጣል። የተባለው ብር ካልሞላ ከማንም ካርድ ሳንቲም አይቆረጥም። ከሞላ ድርጅቱ 5 በመቶ ወስዶ፣ የክፍያው ወጪ ተቀንሶ፣ የቀረው ለሠዓሊው ይሰጣል። ከዚያ በኋላ መጽሐፉን መጠበቅ ነው።

መዘግየት እዚህም አለ፤ ያውም ብዙ። ሪች በርሉ የሚባል የዌብ ኮሚክ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ2012 ከ1.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቦ፣ በዚያው ዓመት እጁ ተጎድቶ ሥራው ቆመ። ቃል የገባው ሁሉ ለደጋፊዎቹ እስኪደርስ ዓመታት ፈጅቷል። ጭራሽ መጽሐፎቹን በመላክ ፈንታ በእሳት አቃጥሎ በቪዲዮ ያሳየ ሠዓሊም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ከመቶ ዘጠኝ ያህሉ ፕሮጀክት ቃሉን ሳይፈጽም ይቀራል ይላል። ስለዚህ ፈረንጅ ሁሉ ታማኝ ነው እያልኩ አይደለም።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። አንድ ጊዜ የደገፍኩት ሠዓሊ መጽሐፉ ከተባለው ጊዜ ከዓመት በላይ ዘገየበት። ግን ይጽፍልናል። አንድ ቀን ከማተሚያ ቤት የመጣለትን ናሙና ፎቶ አንስቶ ላከ። ሰማያዊ መሆን የነበረበት ሌሊት ሐምራዊ ሆኗል፤ ጥቁሩ መስመር ፈዟል። «ይህን ብቀበል በሚቀጥለው ወር ይደርሳችሁ ነበር። አልተቀበልኩም፤ መልሼዋለሁ» አለ። ከሥሩ የወጣውን ወጪ ዘርዝሯል፦ ለማተሚያ፣ ለፖስታ፣ ለቀለም ቀቢዋ። አንብቤ ዝም አልኩ። ምን እላለሁ? ሁሉን ነግሮኛል።

በሁለተኛው መጽሐፍ ደግሞ አንባቢ የሚወዳትን ገጸ ባሕርይ ገደላት። ጉድ ፈላ። ብሬን መልስ የሚለው፣ የሚሳደበው፣ የሚዝተው ብዛቱ! ሰውየው አንዴ መለሰ፦ ብሩ የሕትመት ነው፣ ታሪኩ የኔ ነው። ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ።

አሁን ወደ ጎንደር ልመለስ። ኢትዮጵያ ኪክስታርተር ላይ ፕሮጀክት መክፈት ከሚቻልባቸው አገሮች ውስጥ የለችም። ስለዚህ የእህቴ ልጅ እንደ ማንም የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን ፌስቡክ ላይ ለጠፈ። ብሩ ገባ፤ መሣል ጀመረ። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ለወራት! ልጁ ዋይፋይ ያለበት ቦታ እየፈለገ፣ ሲያገኝ አንድ ገጽ ይለጥፋል፣ ሳያገኝ ይከርማል። እዚህ ያለው ወገኔ ይህን ያውቃል። የራሱን እናት በቪዲዮ ማየት አቅቶት ሲያለቅስ የነበረ ሰው ነው። ያው ሰው «ድምፁ ጠፋ፣ በላው» ብሎ ጻፈ። አንዱ ስክሪንሾት አነሳ፣ ሌላው ቲክቶክ ላይ አወጣው፣ አለቀ።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ ደግሞ ሐምሌ 2016 መጣ። የውጭ ምንዛሪው ተመን ለገበያ ተለቀቀና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ወረቀቱም ቀለሙም ከውጭ ነው የሚገባው። አዲሱ ፕሮፎርማ ከቀድሞው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። በብር ተቀምጦ የቆየው መዋጮ ከመጽሐፉ ግማሽ ብዙም የማያሳትም ሆነ። ይህን የጠየቀው የለም።

የጠየቁት ስለ ሱሪ ነው። ባለታሪኳ ሱሪ ለብሳ ግንብ ላይ ስትወጣ የሚያሳይ ገጽ ነበር። «የጎንደር ሴት እንዲህ አትሣልም!» የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ በር ላይ አምስት ደቂቃ የቆመ ሰው ይህን አይልም። ይባስ ብሎ ሃያ ዶላር የላከ አንድ ወንድማችን ገጹ ካልተቀየረ ብሬ ይመለስ አለ። ልጁ ደወለልኝ። «አጎቴ፣ ብመልስላቸው አይሻልም? ምን ይላሉ?» ድምፁ እንዳለቀሰ ሰው ነው። እንዳትመልስ አልኩት፤ ገጹንም እንዳትነካ አልኩት።

እቴጌ ምንትዋብን አስቡ። ጣና ላይ ያለው ናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የሄደ ሰው በሥዕል አይቷቸዋል፤ ያሠሩት እሳቸው ናቸው። ሠዓሊው የሣላቸው ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ነው። የደጋፊ ቦታ ይህ ነው። እዚህም ያለው ልማድ ይኸው ነው፤ የረዳ ሰው ስሙ በመጽሐፉ መጨረሻ ገጽ በደቃቅ ፊደል ይታተማል። እኔም ስሜ አለበት፤ ደስ ይላል።

የሚያናድደኝ ሒሳብ አያያዝ የማናውቅ ሕዝብ አለመሆናችን ነው። የቀበሌያችን እድር ሒሳብ ሳይነበብ የተበተነበት ቀን አላስታውስም። ገንዘብ ያዡ መዝገቡን ይዞ ይቆማል፣ ለድንኳን ይህን ያህል፣ ለሣህን ይህን ያህል እያለ ያነባል። ጥያቄ ያለው እጁን ያወጣል። ማንም ተነስቶ «በልተሃል» አይልም፤ መጀመሪያ ደረሰኝ አምጣ ይላል። ያው ሰው ስልኩን ሲከፍት ይህ ሁሉ ወግ የት ይገባል? ሠዓሊዎቻችንም ቢሆኑ ዝምታ ጨዋነት ይመስላቸዋል። ብር ለሰጠ ሰው ዝም አይባልም። ክፉ ወሬ ሲሆንማ ቀድሞ መናገር ነው።

ስለዚህ ከልጁ ጋር ተቀምጠን ሒሳቡን አሰናዳን። ባንክ የገባው ብር እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ተጽፏል። ሁለቱ ፕሮፎርማዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ ቀናቸው ይታያል። ያለቁት ገጾችም አሉ፤ ባለሱሪዋ ሳትቀየር። የጎደለውን ለማሟላት ገጹ ይቀነስ ወይስ ጥቁርና ነጭ ይታተም የሚለውን ለደጋፊዎቹ ያቀርባል፤ ይህን መወሰን መብታቸው ነውና። ቴሌግራም ላይ ሰኞ ይለቀቃል። ያዋጣችሁ ሁሉ ግቡና አንብቡ። «በላው» ብላችሁ የጻፋችሁም አንብቡ፤ ከዚያ የጻፋችሁትን አጥፉለት፤ የልጁ ስም ኢንተርኔት ላይ ሲፈለግ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው።