እጃችሁን ይባርከው!

በትእዛዝ መስመር ዘመን ድረ ገጻቸውን በመዳፊት እየጎተቱ ለሚጭኑ ሁሉ ምስጋና ይግባቸው። ፋይልን ወደ ሰርቨር (ድረ ገጹ ወደሚቀመጥበት ኮምፒውተር) በጽሑፍ ትእዛዝ የሚያመሳስለው ፕሮግራም አርሲንክ (rsync) እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ደጅ ቢጠናም አላስገባችሁትም። ማን እንደ እናንተ!

ደግሞም ልክ ናችሁ፤ አሠራሩ ወግ የለውም። የፋይሉን መጠንና የተሻሻለበትን ሰዓት ሰርቨሩ ላይ ካለው ጋር አመሳክሮ ያልተነካውን ያልፋል። ከተለወጠውም ውስጥ ልዩነቱን ብቻ ይልካል። አንድ ፊደል አርሞ ሙሉውን ፎልደር እንደ አዲስ መጫን፣ «ሁሉንም ተካ» ብሎ የምትሞላዋ መስመር ላይ ማፍጠጥ እያለ ይኼ ምን ሥራ ይባላል? መሃል ላይ ኢንተርኔት ሲቋረጥማ ውበቱ! አዲሱ ኤችቲኤምኤል (የገጹ ይዘት) ገብቶ ሲኤስኤሱ (መልኩ) ደጅ ይቀራል፤ ጎብኚው ልብሷን ያወለቀች ገጽ ያያል። አርሲንክ ግን ፋይሉን በጊዜያዊ ስም ተቀብሎ ሲያልቅ ብቻ ስለሚተካው፣ በግማሽ የተቆረጠ ፋይል የማየት ዕድሉን ይነፍገዋል።

ፋይል ለምትጭኑበት ለአሮጌው ኤፍቲፒ ያላችሁ ታማኝነትስ! የይለፍ ቃላችሁን ሳይመሰጥር፣ እንደ ተጻፈ ይልክላችኋል። ደብቆ መኖር የሌባ ነው። በተመሰጠረው የኤስኤስኤች ግንኙነት፣ አንዴ «ኤስኤስኤች-ኪጅን» ብሎ ቁልፍ ፈጥሮ፣ አንዴ «ኤስኤስኤች-ኮፒ-አይዲ» ብሎ ወደ ሰርቨሩ ልኮት፣ ከዚያ ወዲያ ያለ ይለፍ ቃል መግባት የሰነፍ መላ ነው።

አርሲንክን መስጋታችሁንም አከብራለሁ። ከምንጩ ፎልደር ስም በኋላ ያለችው እዝባር (/) ከተረሳች ይዘቱ ሳይሆን ፎልደሩ ራሱ ይገባና ገጹ አንድ ደረጃ ወደ ውስጥ ይቀበራል። «-ኤ» (-a) የሚባለው አማራጭ ካልተጻፈ የፋይሉ ሰዓት ስለማይጠበቅ ሁሉም ፋይል በየጊዜው አዲስ ይመስለዋል። ከምንጩ የጠፋውን ሰርቨሩ ላይም የሚያጠፋው «--ዲሊት» (--delete) ደግሞ ከባዶ ፎልደር ከተነሣ ሰርቨሩን አጥቦ ያወጣዋል። «-ኤን» (-n) ከ«-ቪ» (-v) ጋር ቢጨመር ምንም ሳይነካ የሚልከውንና የሚያጠፋውን ቀድሞ ይዘረዝር ነበር፤ ግን ዝርዝር ማን ያነባል? እናንተ ስትጎትቱ የዳታቤዝ ይለፍ ቃል የተጻፈበት የ«.ኢኤንቪ» (.env) ፋይልም አብሮ ይሄዳል። ስስት አታውቁም! «--ኤክስክሉድ» (--exclude) ብሎ ማስቀረት የንፉግ ነው። ከዓመታት በፊት የሰረዛችሁት ገጽም ሰርቨሩ ላይ በሕይወት አለ፤ ጉግል ይጠይቀዋል።

ደግሞስ ይህ ሁሉ በአንዲት ስክሪፕት ቢጻፍ ማንም ተነሥቶ ሊጭን አይደል? አሁን ግን የትኛው ፎልደር የት እንደሚገባ የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ። ዕረፍት ስትወጡ ድረ ገጹም አብሯችሁ ያርፋል።